አሥር መርፌ

የቦነስ አይረስ የምድር ውስጥ ባቡር፣
ከሥራ መውጫ ላይ፣ ሰው በሰው ሲታጠር፣
ከኡሩጓይ ጣቢያ አንድ ልጅ ገባና፣
ምንም ሳይናገር፣ አንገቱን ደፋና፣
በየተቀማጩ ጉልበት ላይ እያኖረ
አንዳንድ የመርፌ ጥቅል፣ ወደ ጭራው ተሻገረ።

ደንቡ እንዲህ ነው እዚህ፤ ማንም አይለምንህም፤
ዕቃው ጭንህ ላይ ነው፤ አልገዛም አላልህም፣
እገዛለሁም አላልህ። ልጁ እስኪመለስ
ሁለት ደቂቃ አለህ፣ ከራስህ ጋር ለመካሰስ።

እኔ ግላዲስ ነኝ፤ በቀለም መደብር
ሃያ ሁለት ዓመት ሒሳብ ስደምር፣
ሳንቲም ጐድሎብኝ አያውቅም። እናም መደመር ጀመርኩ፤
ካለኝ ላይ የሌለኝን፣ ከሌለኝ ያለኝን ቀነስኩ።
የቤት ኪራይ አለ፤ የመብራትም አለ፤
የዳቦ ዋጋ ሰኞ ከነበረው ሐሙስ ላይ ዘለለ።
ደግሞስ መርፌ ምን ያደርግልኛል? ዓይኔ እንደሁ ቀዳዳውን አያይ፤
አንድ የዛገ አለኝ፣ ቁልፍ የምተክልበት፣ ከመሳቢያው ላይ።

ኖርቤርቶ ትዝ አለኝ፣ የመጋዘን ሹሙ፤
ሕግ አለው እሱ፤ አይናወጥ አቋሙ፤
«ለሚሸጥ እሰጣለሁ፤ ለሚዘፍን እሰጣለሁ፤
እንዲሁ እጁን ለዘረጋ፣ መስኮት መስኮት አያለሁ።»
ኧረ ምን መስኮት አለ! ጥቁር ግንብ ነው ውጪው፤
የሚያየው የገዛ ፊቱን ነው፣ ከመስታወቱ ላይ ፈጦ ሲያየው።

ከዚያ ደግሞ ያ ሰውዬ፣ የሐኪም ወረቀት የያዘው፤
«ለልጄ መድኃኒት» እያለ ሦስት ዓመት የሚያዞረው፤
ወረቀቱ በላስቲክ ታሽጎ፣ ጠርዙ እንዳይበላ፤
ልጅቱ ወይ ድናለች፣ ወይ... ተውኩት፤ አሰብኩ ሌላ።
አንዴ ሰጥቼዋለሁ። ያን ሌሊት ደስ ብሎኝ ተኛሁ፤
በሳምንቱ ሳየው ግን፣ የተሰረቅሁ ያህል ተቆጣሁ።
ያው ገንዘብ፣ ያው እጅ፤ የቷ ነበርሁ እኔ?
ቁጥር ይህን አይመልስም፤ ሞክሬዋለሁ በዘመኔ።

ማላቢያ ላይ ቆምን፤ ሰው ወጣ፣ ሰው ገባ።
ከጎኔ አንድ ሽማግሌ፣ ከባርኔጣቸው ላይ ላባ፣
ሳያዩ፣ ሳያስቡ፣ አንድ ኖት አጥፈው
ከጥቅሉ ፋንታ ከጉልበታቸው አሳርፈው፣
ጋዜጣ ገለጡ።
እንዲህ ቀላል ነው እንዴ? ቀናሁባቸው፤
ሀብታም አይመስሉም፤ ክርኑ ላይ ተጥፏል ኮታቸው።

ልክ «እሺ፣ ልስጥ» ብዬ ቦርሳዬን ስከፍት፣
ባቡሩ በርግጎ ቆመ፤ መብራቱም ጠፋ ለቅጽበት።
ሲበራ ልጁ ፊቴ ነው። ጉልበቴን አየ፤
ቀጥሎ ፊቴን አየ፤
ምንም አላለም። እጁን ሰበሰበ፤ ተለየ።

«ምን ዓይነት ልጅ ነው!» አልኩ፤ «ገና ሳልሰጠው፣
ገና ሳልከለክለው፣ ፊቴን አንብቦ የፈረደው!»
እኔ ስመዝነው፣ እሱ ለካ መዝኖኝ ጨርሷል፤
ይኸው፣ ከሁሉም ይልቅ ኩራቴን አቁስሏል።

ቤት ደርሼ፣ ቁልፍ ስፈልግ፣ አንዳች ነገር ጣቴን ወጋኝ፤
ጥቅሉ ከቦርሳዬ ሥር። ያን ጊዜ ነው የገባኝ
ልጁ ምን እንዳየ፦
ባዶ ጉልበት፣ ክፍት ቦርሳ፤
አንዲት ጎልማሳ ሴት፣ ዓይኗን የማታነሣ።
ጠያቂ የለ፣ ከሳሽ የለ፣ ይቅር ያለኝም የለ፤
የአሥር መርፌ ዕዳ ከመዝገቤ ላይ ዋለ።

በማግስቱ፣ በሠልስቱ፣ ጥቅሉን በእጄ ይዤ፣
ከፉርጎ ፉርጎ እያለፍኩ፣ በሰው መሐል ተጉዤ፣
የያንዳንዱን ፊት አየሁ፣ ልጁን ፍለጋ።
ሰዉም አየኝ፤ ወዲያው ዓይኑ ወደ ስልኩ ተጠጋ።
አንዷ ቦርሳዋን ወደ ደረቷ ሰበሰበች፤
ሌላዋ ልጇን ጠርታ ጥቁሩን መስኮት አሳየች፤
አንዱ በድንገት አንቀላፋ።
«አይ፣ እኔኮ...» ልል ነበር፤ ድምፄ ግን ጠፋ።

ዶሬጎ ላይ፣ በሩ ሊዘጋ ሲል፣ ደብተር ያቀፈች
አንዲት ተማሪ ከእጄ ላይ ሳንቲም አስቀመጠች፤
ጥቅሉን አልወሰደች፤
ፊቴንም አላየች። ወረደች።

ሞቃት ነበር ሳንቲሙ፤ በመዳፏ ውስጥ የከረመ።
በየት ዐምድ ልጻፈው? ገቢ? ወጪ? ብዕሬ እስካሁን እንደቆመ፤
ልጁንም አላገኘሁት። ሜድራኖ ላይ ይታያል ይላሉ።
መርፌዎቹ አሥሩም አሉ።